በደጃችን ያለውን ገጠር በእግርና በካሜራ ስለ ማወቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ከሙያችን ክልል ጥቂት ወጣ ያለ፣ ነገር ግን ለሙያችን የሚጠቅም አንድ ጉዳይ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የምኖረው በቀራንዮ ነው። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሰው የወጨጫን ተራራ ከፊቱ ያገኛል፤ በእርሱና በተራራው መካከልም ከተማና ገጠር የሚጋፉበትን ምድር ያያል። እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ይህን በደጃችን ያለውን ገጠር በእግር እየሄዱ ስለ ማየትና በካሜራ ስለ መመዝገብ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ትሉት ይሆናል። መዝናኛነቱን አልክድም። ነገር ግን እኛ መንገድ የምንቀይስ፣ ቤት የምንነድፍ፣ መሬት የምንለካና ካርታ የምናነሣ ሰዎች ነን። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ስናሰምር መስመሩ የሚያርፈው በአንድ ሰው ዐውድማ፣ በአንድ ምንጭ አፍ ወይም በአንድ የመቃብር ሥፍራ ላይ ነው። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት በዚያ ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ከእኛ በቀር ማን ሊያኖር ይችላል? ንግግሬ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በሀገራችን «ሀገር ማየት» ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ይበራል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደ ተባለው፣ ላሊበላን ለማንሣት የዓለም ካሜራ ሁሉ ሲሽቀዳደም ከቀራንዮ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትገኘውን የጤፍ ማሳ ግን የሚመዘግባት የለም። ላሊበላ ነገም ይኖራል ብለን እናምናለን፤ ያች ማሳ ግን የሚመጣውን መኸር ለማየቷ ዋስትና የላትም። ስለዚህ አስቀድሞ መመዝገብ የሚገባው የትኛው እንደሆነ መፍረድ አያዳግትም።

፩. የምድሩ ጠባይ

ቀራንዮ የሚለው ስም ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ ጎልጎታ፣ የራስ ቅል ሥፍራ ማለት ነው። በዙሪያው ያሉ ብዙ ስሞች ደግሞ ከኦሮምኛ የተገኙ ናቸው። ገፈርሳ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በገፈርሳ ጎሽ የለም፤ ስሙ ግን በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ዘመን ጎሽ ሳይታይ እንዳልቀረ ይነግረናል። ላፍቶም የግራር ዓይነት መጠሪያ ነው፤ ዛሬ ላፍቶ ሲባል ግራርን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በመሆኑም የቦታ ስም ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። ስሙን ሳይጠይቅ ቦታውን ብቻ ያነሣ ሰው የሥራውን እኩሌታ ትቶ ሄዷል።

አዲስ አበባን የከበቡት ተራሮች፣ ማለትም እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪና የረር፣ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው። ወጨጫ 3385 ሜትር ከፍታ አለው። በስተምዕራብ ባለው ጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ከፍ ሲሉም ኮሶው አሁንም ይታያሉ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም አሉበት። ደኑ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ትውፊቱን ታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት፤ ለእኛ የሚበቃን ከብዙ ሕዝብ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ የሀገር በቀል ዛፍ ደን ተርፎ መገኘቱ ነው።

ከደኑ ወደ ከተማው ስንመለስ የምናየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ በሀገራችን የተተከለው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዛፉ ከመስፋፋቱ በፊት የማገዶ እጥረት አዲስ አበባን ከመጽናት ሊያግዳት ደርሶ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ከሀገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ዛፉ በመጽደቁ ከተማው በቦታው ጸና፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ በዚህ በምዕራብ በኩል ስንራመድ የምንረግጠው ዋና ከተማው ሊሄድበት አስቦ የቀረበትን መንገድ ነው።

ውኃውም የራሱ ታሪክ አለው። የገፈርሳ ግድብ ከለገዳዲና ከድሬ አስቀድሞ ተሠርቶ አዲስ አበባን ያጠጣ ነው። በዳርቻው ባለው እርጥብ ሣር ላይ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሲግጥ ይታያል። ትንሹ አቃቂ የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል እያቋረጠ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በቀራንዮ አንድ ቦይ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ የሚጓዝበት መንገድ ይህ ነው። ይህን በካርታ ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦዩን ከመነሻው እስከ ድልድዩ በእግሩ ተከትሎ፣ ውኃው ከየትኛው አጥር ሥር ሲደርስ እንደሚጠቁር በዓይኑ ያየና ያነሣ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይነት ያውቀዋል።

፪. ስለ ወቅትና ስለ ብርሃን

ሩቅ ሀገር የሄደ ሰው ያገኘውን ብርሃን ተቀብሎ አንሥቶ ይመለሳል። በደጁ የሚያነሣ ሰው ግን ዓመቱን በሙሉ የመመለስ ዕድል አለው፤ የቅርብ ሀገር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው።

በመስከረም አደይ አበባ የየማሳውን ዳር ያለብሰዋል፤ ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው ወጨጫ ከቀራንዮ ሲታይ እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉና ስንዴው ይታጨዳል፤ ክምሩ ይከመራል፤ ዐውድማው በበሬዎች ይወቃል። በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጢስ አየሩን ያደበዝዙታል፤ ሩቁን ትቶ ቅርቡን፣ የተሰነጠቀውን የመረሬ አፈርና የኩበቱን ቁልል ለማንሣት የሚመች ወቅት ነው። በግንቦትና በሰኔ ማረሻና ሞፈር ከየጓዳው ይወጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንደሩን ይሸፍነዋል፤ ብዙ ሰው ካሜራውን የሚያስቀምጠው በእነዚህ ወራት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ለመሐንዲስ ከሁሉ የሚበልጠው ወቅት ክረምት ነው። ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ ውኃ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚናድ ምድሩ ራሱ ሥሎ የሚያሳየው በሐምሌ ነውና።

ስለ ብርሃኑም አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይም ከ2000 ሜትር በእጅጉ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በቀትር ፀሐዩ ከራስ በላይ ይቆምና ጥላውን አጥቁሮ፣ ነጩን አንጥቶ መልኩን ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወደ ማታም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ መሥራት ይገባል። ከቀራንዮ ሆነን ወጨጫን ስናይ ጧት ፀሐይ ከጀርባችን ስለምትሆን ገደሉና ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይለያል፤ ወደ ማታ ግን ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስለምትገባ የሚታየው ጥቁር ጥላው ብቻ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን የጧቱ ነው።

፫. ፎቶግራፍ እንደ ምስክር

ፎቶግራፍ ወደ ሀገራችን ሲገባ በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የስቱዲዮ ጥበብ ሆኖ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ በክብር አኖሩልን፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። የገጠሩ ሰውና የገጠሩ ምድር ግን በአመዛኙ በመንገደኛ ካሜራ፣ ያውም ለአንድ አፍታ ብቻ የሚታዩ ነበሩ። ቢሆንም የመንገደኛው ፎቶግራፍ እንኳ ቦታውና ቀኑ ከታወቀ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ሁለት ምሳሌ ላቅርብ።

የመጀመሪያው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ከጦሩ ጋር የነበሩት ፎቶግራፍ አንሺዎች ያለፉበትን የትግራይን መልክዐ ምድር አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅጋዊው የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰን፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ከምትኩ ኃይሌ፣ ከታሪክ ጸሐፊው ከሪቻርድ ፓንክኸርስትና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቦታዎቹን ፈልገው ካገኙ በኋላ ከዚያው ነጥብ ላይ እንደገና አነሧቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚያምነው ተቃራኒ ነበር፤ በተነጻጸሩት ሥፍራዎች በብዛት የዛፉና የቁጥቋጦው ሽፋን ከ1860ው ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። ከዓመት ወደ ዓመት ምድሩ እየተራቆተ ብቻ ሄዷል የሚለውን የተለመደ አነጋገር ያረመው የድሮ ዘማች ያነሣው ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከከተማችን የተገኘ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. ወረራ አንሥቶ በሀገራችን ላይ በአውሮፕላን ያነሧቸው፣ ቁጥራቸው 34 ሺህ ያህል የሆነ ፎቶግራፎች ለብዙ ዓመታት ሳይታወቁ ቆይተው፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ግምጃ ቤት ተገኝተዋል። ፎቶግራፎቹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው፣ በየሰሌዳው ላይ መለያ ጽሑፍ ነበራቸው። ለጦርነትና ለወረራ የተነሡ ሥዕሎች ዛሬ የእርሻውን፣ የደኑንና የወንዙን የቀድሞ ሁኔታ ለማጥናት አገልግለዋል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ስለዚያች መለያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፏ ባትኖር ኖሮ ሰሌዳውን ከሰሌዳ፣ ሸለቆውን ከሸለቆ መለየት እጅግ በከበደ ነበር። ፎቶግራፍ ያለ ቀንና ያለ ቦታ ስም ሲቀር ባለቤቱ ሳይናገር እንደ ሞተ ምስክር ነው።

ወደ ቀራንዮ አካባቢ ልመለስ። ከቀራንዮ በስተደቡብ በረጲ ያለው፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው የቆሻሻ መድፊያ፣ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሥፍራው ከከተማ ውጭ የነበረ ገጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ወደ እርሱ ሄደ፤ ቁልሉም ወደ ሰማይ አደገ፤ ሰዎችም ከሥሩ ቤት ሠርተው ኖሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቁልሉ ተንዶ ከአንድ መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነጥብ የተነሣ የዚያ ቁልል ፎቶግራፍ ቢኖር ኖሮ አደጋው በርግጥ ይቀር ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን 50 ያህል ሥዕሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ቢታዩ፣ ቁልሉ እንዴት እንዳደገና ቤቶቹ እንዴት እንደ ተጠጉት ለማየት ባለሙያ መሆን ባላስፈለገ ነበር። በየዕለቱ የምናየውን ነገር ለውጡን አናየውም። ካሜራ የሚጠቅመን ዓይናችን በለመደው ነገር ላይ ነው።

፬. ስለ ሰዉና ስለ ፈቃዱ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ እመጣለሁ። በዚህ አካባቢ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው እንደ ጎብኚ ብቻ አይታይም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የታኅሣሥ ጧት ከወጨጫ ግርጌ ካሜራዬን በትራይፖድ ላይ አቁሜ ሳለሁ፣ በዐውድማው ላይ በሬዎቻቸውን ሲያዞሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ሥራቸውን አቁመው መጡና፦

«ልጄ፤ የምትለካው ለማን ነው?» አሉኝ።

«መለካቴ አይደለም አባቴ፤ ዐውድማውን ፎቶግራፍ ማንሣቴ ነው። ቢፈቅዱልኝ» አልኋቸው።

«የመጀመሪያዎቹም እንዲሁ ብለው ነው» አሉና ዝም አሉ።

ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ያለውን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ በማሳ ላይ ሲቆም ገበሬው የሚያስበው ስለሚነሣው መሬቱና ስለ ካሣው ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ለማቀናጀት የተነደፈው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጊዜ ተቃውሞ መነሣቱን፣ በተቃውሞውም ብዙ ሕይወት መጥፋቱን፣ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙን ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎችም በዙሪያችን ያሉ ከተሞች በአንድነት ሸገር ከተማ ተብለው ተዋቀሩ። አስተዳደሩ የማንም ይሁን የማን፣ ከገበሬው ማሳ አንጻር ሲታይ ከተማ ከሁለት ወገን እየቀረበ ነው። ስለዚህ የአዛውንቱ ጥያቄ ያለ ምክንያት የተጠየቀ አልነበረም።

በዚያን ዕለት ካሜራውን አጥፌ ከእርሳቸው ጋር ተቀመጥሁ። የማሳዋን ስም፣ ከማን እንደ ወረሷት፣ ምን ምን እንደ ዘሩባት አጫወቱኝ። በመጨረሻም ራሳቸው «በል አንሣ» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በወረቀት ያሳተምሁትን ይዤላቸው ስሄድ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ወደ እኔ መልሰው ዘረጉልኝ። ያልወደዱት መስሎኝ ነበር። የፈለጉት ግን ሌላ ነበር። «ከጀርባው የማሳዋን ስም ጻፍባት፤ የልጅ ልጆቼ ቢጠይቁ እንዲያውቁት» አሉኝ። የመለያ ጽሑፍን ጥቅም በዚያች ዐውድማ ላይ ከእርሳቸው የሰማሁትን ያህል ከየትኛውም ትምህርት ቤት አልሰማሁም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሥርዓቶች አሉ። አስቀድሞ ሰላምታ ነው፤ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ማለትን ማወቅ ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል። ቀጥሎ ማን እንደሆኑና ለምን እንደ መጡ መናገር ነው። «አይሆንም» ያለን ሰው በሩቅ ሌንስ ሰርቆ ማንሣት ነውር ነው። ድህነትን ብቻ እየለቀሙ ማንሣትም እንደዚሁ ነው፤ ኩበት የምትጠፈጥፈዋን ሴት ያነሣ ሰው ጓሮዋን፣ ጎመኗንና በነጠላ አጊጣ ወደ ገበያ ስትሄድም ሊያነሣት ይገባዋል። ቃል የተገባ ፎቶግራፍ ሳይዘገይ ይሰጥ። የጦር ሠፈርና የግድብ ጥበቃ ባለበት ሥፍራ ፈቃድ ሳይጠይቁ አለማንሣት፣ ድሮንንም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አለማስነሣት፣ ለራስም ለሙያውም ክብር ጠቃሚ ነው።

፭. ስለ አሠራሩ

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። ዛሬ በየኪሳችን ያለው የእጅ ስልክ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የሚያስፈልገው እኛ በሙያችን የለመድነው ጥንቃቄ ነው። ልኬት ያለ ቤንች ማርክ ዋጋ እንደሌለው ሁሉ፣ የቦታ ፎቶግራፍም ያለ ቋሚ ነጥብ ማነጻጸሪያ አይሆንም። አሠራሩን ባጭሩ እንዲህ አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ በእግር ሊደርስባቸው የሚችል አምስት ወይም ስድስት ነጥቦች ይምረጥ። ነጥቡ በቶሎ የማይጠፋ ይሁን፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር ማዕዘን፣ ድልድይ፣ ትልቅ ድንጋይ።

ሁለተኛ፤ ከየነጥቡ በዓመት አራት ጊዜ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሐምሌ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ ያንሣ። በሥዕሉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የወጨጫ ጫፍ፣ ሁልጊዜ ይካተት።

ሦስተኛ፤ በማስታወሻ ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጂፒኤሱን ንባብ፣ ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ፣ የቦታውን ስም በነዋሪው አጠራር፣ በማሳው ላይ ያለውን አዝመራና ከነዋሪው የሰማውን ይጻፍ። ደብተሩ ከፎቶግራፉ የማያንስ ዋጋ አለው።

አራተኛ፤ ከሰፊው መልክዐ ምድር ሌላ ትንንሹንም አይናቅ። የጎጆው ክዳን እንዴት እንደ ታሰረ፣ የድንጋዩ ካብ እንዴት እንደ ተካበ፣ ውኃው ወደ ማሳ እንዳይገባ የተቀደደው ቦይ በየት እንደሚዞር ይመልከት። ያ ቦይ ብዙ ክረምት ያየ ሰው የሠራው የምሕንድስና ሥራ ነው። በመረሬ መሬት ላይ መሠረት የጣለ ባልደረባችን ሁሉ ይህ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ እንደሚሰነጠቅና ግድግዳ እንደሚያስነጥቅ ያውቃል፤ የአካባቢው ገበሬ ቤቱን ከየትኛው ጉብታ ላይ እንደ ሠራ አስቀድሞ ቢያይ ግን ብዙ ወጪ በተረፈው ነበር።

አምስተኛ፤ የተነሣው ይጠበቅ። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል፤ የኮምፒውተሩም ማኅደር ይበላሻል። ዋና ዋናዎቹን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማኖር፣ ከየዓመቱም ጥቂቱን በወረቀት ማሳተም ይገባል።

፮. ማኅበራችን ሊያደርገው ስለሚገባ

በዚህ ረገድ ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ማኅበራችን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለዚህ ብቻ ይለይ። አባላት ሁሉ ከየሠፈራቸው ዳርቻ፣ ከቀራንዮም ይሁን ከየካ፣ ከአቃቂም ይሁን ከጉለሌ፣ በየዓመቱ ጥቂት ፎቶግራፎችን ከነማስታወሻቸው ያስገቡ። ሥራው ሲጎለምስ ቅጂው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊው ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ማንኛውም አባል አዲስ የመንገድ፣ የቤቶች ወይም የፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ችካል ከመመታቱ በፊት የቦታውን ሁኔታ ከአራቱም ማዕዘን አንሥቶ ከሥራው ሰነድ ጋር የማያያዝ ልማድ ይኑረው። ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚነሣው ባለ መሬትም አንድ ቅጂ ይሰጠው። ትዝታን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ካሣ የለም። ቢያንስ የቤቱን፣ የዛፉንና የማሳውን ሥዕል ከእጃችን ቢቀበል፣ እኛ ወደ መንደሩ የመጣነው ልንወስድ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ሦስተኛው፣ ወጣት የሙያ ጓደኞቻችንን በዓመት ሁለት ጊዜ በእግር እናውጣቸው። ዛሬ ምድሩን ከሳተላይት በሚወርድ ሥዕል ማየት ተችሏል፤ ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ከላይ የተነሣ ሥዕል ጣሪያ እንጂ በር አያሳይም፤ ማሳ እንጂ የማሳዋን ስም አይናገርም። ከላይ ያየነውን ወርደን በእግራችን ብናረጋግጠው ፕላናችን የተሻለ ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከተማ እንዳይሰፋ እንከልክል አላልኩም። የሚሰፋውን ከተማ የምንሠራው እኛው ነን፤ እንጀራችንም ከዚያ ነው። ለሚመጣውም ትውልድ ቤትና መንገድ ያስፈልገዋል። የምለው፣ ሲሰፋ ምን ላይ እንደ ተሠራ የሚያውቅ ከተማ ይሁን ነው። ገፈርሳ የጎሽ ሥፍራ እንደ ነበረ የምናውቀው ስሙ ስለ ተረፈልን ብቻ ነው። ከእኛ ዘመን ግን ከስም የበለጠ ሊተርፍ ይችላል፤ መሣሪያው በእጃችን፣ ሙያው በራሳችን፣ ምድሩም በደጃችን ነውና።

የሚቀጥለው ወር ታኅሣሥ ነው። ዐውድማው ገና አልፈረሰም፤ ጧት ጧት ወጨጫ ጥርት ብሎ ይታያል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከቀራንዮ መድኃኔዓለም አጥር በታች እገኛለሁ። ደብተር ይዞ መምጣት የሚፈልግ ባልደረባ ሁሉ በደስታ ይጋበዛል።